ምዕራፍ 6፦ የታችኛው ቱቦ ሲሰነጠቅ

አሮጌ ብስክሌት ለማደስ የተነሳ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው፤ በቸርኬው፣ በመሪው፣ በፔዳሉ። እነዚህ ሁሉ ይለወጣሉ። ሰንሰለትና ጎማ ከመርካቶ ይገዛል፤ ኩሽኔታው ካረጀ ልኩ የሆነ ሌላ ይፈለግለታል። ፍሬሙ ግን ብስክሌቱ ራሱ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ወይ በወጉ ይጠገናል፣ ወይ ለቁራሌው ይሰጣል። በየሰፈሩ የሚዘወተረው ግን ሌላ ነው፤ ስንጥቁ ላይ ኤሌክትሮድ ያቀልጡበታል፣ በስቱኮ ያለሰልሱታል፣ ቀለም ቀብተው ለባለቤቱ ይመልሱታል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይነዳዋል። ጥቂት ቆይቶ ያው ቱቦ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ይህ ምዕራፍ ያ ጥገና ለምን እንደማይዘልቅ፣ የሚዘልቀውስ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

ምሳሌዬን ከንፋስ ስልክ ላፍቶ የምወስደው በምክንያት ነው። ከጎፋና ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ላፍቶና ጀሞ ድረስ ጋራዡ፣ በርና መስኮት በያጁ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ አናጺው በየመንገዱ ዳር አለ። ለፍሬም ጥገና የሚያስፈልገው እጅ ሁሉ እዚያው ይገኛል፤ የጎደለው እነዚህን እጆች አንድ ሥራ ላይ የሚያገናኛቸው ሰው ነው። ደግሞም ከተማዋ ቀደም ብላ ከሠራቻቸው የብስክሌት መስመሮች አንዱ፣ ከለቡ እስከ ጀሞ ያለው፣ የተዘረጋው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማቱም በዋና ዋና መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ጨምሯል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር በየጓሮው ቆርቆሮ ሥር የተጣለው ብስክሌት መውጣቱ አይቀርም። መውጣቱ መልካም ነው፤ ተመርምሮ ይውጣ እንጂ።

ቱቦውን ለመጠገን ቱቦው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ብስክሌት አሁን የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ካወጣ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው። በዚያው ሰሞን ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ራይንሃርድና ማክስ ማንስማን ከድፍን ብረት ላይ መጋጠሚያ መስመር የሌለው ቱቦ የማውጣት ዘዴ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሬይኖልድስ ሁለቱ ጫፎቹ ወፍራም፣ መሀሉ ስስ ለሆነ ቱቦ የፈጠራ ባለመብትነት አስመዘገበ። ለጠጋኝ ከሁሉም የሚያሳስበው ይኸኛው ነው። ውፍረቱ የሚለወጠው በውስጥ በኩል ስለሆነ ከውጭ አይታወቅም። በያጁ ጫፉ ላይ የለካውን ውፍረት አምኖ መሀሉ ላይ ያንኑ እሳት ቢለቅ ብረቱን ይበሳዋል። ከባዱ የመንገድ ብስክሌት የቱቦው ግድግዳ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ያለፈ ነው፤ ለውድድር የተሠራው ግን መሀሉ ላይ ከ1 ሚሊሜትር በታች፣ አንዳንዱም እስከ ግማሽ ሚሊሜትር ይሳሳል።

ለምን ባዶ ቱቦ ተመረጠ? ዘንግ ሲታጠፍ ጫናውን በይበልጥ የሚሸከመው ከመሀሉ ርቆ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ብረት ነው። መሀል ያለው ብረት ክብደት እንጂ እምብዛም ጉልበት አይጨምርም። ስለዚህ መሀሉን ትቶ ግድግዳውን ወደ ውጭ ማራቅ በትንሽ ብረት ብዙ ጥንካሬ ይሰጣል። ዋጋው ግን አለ። ወረቀት ጠቅልለን አቁመን መጽሐፍ ብናስቀምጥበት ይሸከማል፤ ጎኑን በጣታችን ትንሽ ሰርጎድ ካደረግነው ግን እዚያው ላይ ታጥፎ ይወድቃል። ቱቦን ቱቦ ያደረገው ክብነቱ ነው። ክብነቱ የተበላሸ ቦታ ቀለሙ ባይላጥም ቆስሏል።

በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ከእነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሮምም ተወዳድሯል። በዚያ ዘመን የውድድር ፍሬም ማለት ብረት ማለት ነበር። ቱቦዎቹ ማቀፊያ በምንለው መጋጠሚያ ውስጥ ይገቡና በናስ ወይም በብር ቅልቅል ይያያዛሉ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ጊዜ ውድድሩ ወደ ካርቦን ተሻግሮ ነበር፤ እኛ የምናድሳቸው አሮጌዎቹ ግን አሁንም የገረመው ዘመን አሠራር ናቸው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በናስ የተያያዘ መጋጠሚያ እንደገና ሲግል ይለቃል፤ የተጎዳው ቱቦ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። በኤሌክትሮድ የተበየደው ግን አይለቅም፤ ተቆርጦ እንጂ አይወጣም። አንድ ጊዜ በኤሌክትሮድ የነካነውን ፍሬም ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ በወጉ ሊያድነው ይቸገራል ማለት ነው።

ስንጥቁ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ ግጭት ነው። የፊት ጎማው ጉድጓድ ወይም መኪና ሲመታ ሹካው ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሪውን የያዘው አጭር ቱቦ ከሥሩ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፤ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከመሪው ጀርባ፣ በሆዳቸው በኩል፣ ይጨመቃሉ። ምልክቱ ጣት የሚያገኘው ትንሽ እብጠት ወይም የተጨማደደ ቀለም ነው። ዓይን ያልፈዋል፤ ጣት አያልፈውም። አሮጌ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት በሁለቱ ቱቦዎች ሆድ ላይ፣ ከመሪው ጀርባ፣ ጣታችሁን አስኪዱ።

ሁለተኛው መንገድ ድካም ነው። ብረት በአንድ ትልቅ ምት ብቻ አይሰበርም፤ ለብቻው ምንም የማያደርገው ትንሽ ጫናም ሲደጋገም ይሰብረዋል። ይህን በሥርዓት ያጠናው ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ መጨረሻ እስከ 1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባቡር አክስሎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ጫናው ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ብረት ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ቢወዛወዝም እንደማይደክም አሳየ። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ልክ የለውም። በወጉ የተሠራ የብረት ፍሬም ከአባት ለልጅ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዘወትር ጫናው ከዚያ ልክ በታች እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን ሒሳብ የሚያበላሸው ጫናውን አንድ ነጥብ ላይ የሚያከማች ነገር ነው፦ ዝገት የበላው ጉድጓድ፣ ስርጉድ፣ አለቦታው የተበሳ ቀዳዳ፣ የመጥፎ ብየዳ ጠርዝ። በእነዚህ ላይ የኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ሲታከል ስንጥቁ ይጀምራል።

ዝገቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከውስጥ ነው። የክረምቱ ውሃ በኮርቻው ዘንግ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባል፤ በቱቦው ወርዶ ፔዳሉ የሚዞርበት ማዕከል ውስጥ ይጠራቀማል። ውጩ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ፔዳሉን ፈትቶ ውስጡን በባትሪ ማየት፣ የሚያጠራጥረውን ቦታ በሹል ነገር ጫን ጫን ማድረግ ያስፈልጋል። ሹሉ ከሰመጠ እዚያ ላይ ብየዳ መሞከር ከንቱ ነው፤ ብረቱ ራሱ የለምና። በዚያው አጋጣሚ በማዕከሉ ሥር ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለ መብሳት ተገቢ ነው። ቦታው ጫና እምብዛም የማይበዛበት ስለሆነ ቀዳዳው አይጎዳውም።

አሁን አንድ ብስክሌት እናስብ፤ ዕድሜው የገፋ፣ ቱቦዎቹ በማቀፊያ የተያያዙ፣ የታችኛው ቱቦ ላይ ከመሪው ትንሽ ዝቅ ብሎ ጭረት የመሰለ መስመር የታየበት። መስመሩ የቀለም ነው ወይስ የብረት? መልሱን ላምባና ጠመኔ ይሰጡናል። ቀለሙ በዙሪያው ይፋቅ፤ ቦታው በላምባ ይራስና ጥቂት ይቆይ፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጠረግ፤ ላዩ ላይ የተፈጨ ጠመኔ ይነፋበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ላምባ ቀስ እያለ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ እርጥብ መስመር ያሰምራል። የመስመሩ ርዝመት የስንጥቁ ርዝመት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በዓይን ከተገመተው ይረዝማል። ይህ ዘዴ በትልልቅ ፋብሪካዎች ውድ በሆነ ቀለምና መብራት ከሚሠራው ምርመራ ጋር አሠራሩ አንድ ነው፤ ወጪው ግን ከአንድ ሻይ ብዙም አይበልጥም። ያለዚህ ምርመራ ብየዳ የሚጀምር ሰው በግምት እየሠራ ነው።

ቀጥሎ ፍሬሙ መጣመም አለመጣመሙ ይታያል። ሲባጎ ከኋላ ጎማው መያዣ በአንዱ ጎን ይታሰራል፤ በመሪው ቱቦ ዞሮ በሌላው ጎን ይመለስና ተወጥሮ ይታሰራል። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። ልዩነት ካለ ቱቦው ከመጠገኑ በፊት መቃናት ይኖርበታል። ጠማማ ሆኖ የተጠገነ ፍሬም ጎማ ይበላል፤ እጅ ሲለቁትም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ስንጥቅ ሳይኖር ስርጉድ ብቻ ከሆነ እሳት አያስፈልገውም። አናጺው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ሁለት ቁራጭ ያዘጋጅና ገጥሞ መሀላቸውን በቱቦው ውፍረት ልክ ይበሳል። ሁለቱ ግማሾች ቱቦውን ያቅፋሉ፤ ሳሙና ተቀብቶ በሞርሳ እየተጠበቁ ቱቦውን ይዞሩታል። በየዙሩ ጥቂት እየተጠበቀ ሲሄድ ስርጉዱ ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ጥልቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ጠርዙ የሾለ ስርጉድ ደግሞ በዚህ ዘዴ መነካት የለበትም፣ ሊሰነጠቅ ይችላልና። የሚቀረውን ጥልቀት በስቱኮ መሙላት ለመልክ እንጂ ለጥንካሬ አይጠቅምም።

የእኛ ብስክሌት ግን ተሰንጥቋል። ባለቤቱ በር በያጁ ዘንድ ሄዶ «ወንድሜ፣ እቺን ብቻ በይድልኝ» ይለዋል። በያጁም ሰው ወዳድ ነውና እንቢ አይልም። ቱቦው ውስጥ ቁራጭ ፌሮ ይከታል፣ ዙሪያውን በኤሌክትሮድ ይዘጋዋል። ጠንካራ ይመስላል። ለምን ይሰበራል?

ፌሮው ያለበት ቦታ ከቀሪው ቱቦ እጅግ ግትር ሆኗል። ፍሬሙ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ግትሩ ክፍል አልወዛወዝም ሲል ውዝዋዜው ሁሉ ፌሮው ካለቀበት ጠርዝ ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ ለበር ብረት የተስተካከለው የኤሌክትሮድ ሙቀት የብስክሌቱን ስስ ግድግዳ በጠርዙ በኩል ይበላዋል፤ በብየዳው ዳር እንደ ጭረት ያለ ቦይ ይቀራል። ብየዳው ቱቦውን ቀለበት ሆኖ ስለሚዞረው ቦዩም ዙሪያውን ይከተለዋል። ለስንጥቅ ከዚህ የተመቸ መንገድ የለም። በያጁ በሥራው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለበር የተማረውን በብስክሌት ላይ መድገሙ ነው ስህተቱ። ከፌሮ ይልቅ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ የሚከቱ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨምራሉ። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲግል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ያን ጭስ የሳበ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል።

ትክክለኛው ጥገና ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውና የተሻለው ሙሉውን ቱቦ መለወጥ ነው። መለዋወጫው ከወዴት ይመጣል? ከሌላ የተሰበረ ፍሬም። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከሰፈር ቁራሌው የሚገኝ፣ የታችኛው ቱቦው ደህና የሆነ ፍሬም ለጋሽ ይሆናል። በካሊፐር መለካት ግን ግድ ነው። በእንግሊዝና በጣሊያን ልክ የተሠራ አሮጌ ብስክሌት የታችኛው ቱቦው የውጭ ስፋት 28.6 ሚሊሜትር፣ የላይኛው 25.4 ነው። በአሮጌው የፈረንሳይ ልክ ደግሞ 28 እና 26 ነው። የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ከንቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ናስ በመጋጠሚያው ውስጥ የሚሳበው ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ብቻ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ናሱ ሞልቶ ቢታይም አይዝም።

ለጋሽ ካልታጣ ይህን ማድረግ ይገባል። ከታጣና ስንጥቁ በቱቦው ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ የውስጥ ድጋፍ ነው። ድጋፉ ድፍን ብረት መሆን የለበትም፤ ስስ ቱቦ እንጂ። ቶርኖ ቤቱ የውጭ ስፋቱን ከፍሬሙ ቱቦ የውስጥ ስፋት በአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ አሳንሶ ይቆርጠዋል። ጫፎቹ ቀጥ ብለው አይቆረጡም፤ ሰያፍ ሆነው ይሾላሉ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሰያፍ ጫፍ ግትርነቱ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ስለሚያደርግ ውዝዋዜው በአንድ ቀለበት ላይ አይከማችም። የፌሮው ጥገና የጎደለው ይህ ነው።

ከዚያ የእሳቱ ሥራ ይመጣል፤ እሳቱ የኦክስጅን ብየዳ ይሁን። የኤሌክትሮድ ቅስት ሙቀቱን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያፈስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በየጋራዡ ራዲያተርና ቧንቧ የሚያያይዙት ባለሙያዎች የናስ ሥራን ያውቁታል፤ እነሱን መፈለግ ነው። የሚገጣጠሙት ብረቶች ሁሉ በሊማና በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጡ ይጸዳሉ፤ ቅባት ፈጽሞ አይቀርባቸውም፤ ቦራክስ ይቀባሉ። ፍሬሙ ቀጥ ባለ ቱቦላሬ ላይ በክላምፕ ይታሰራል፤ እሳቱ ሲነካው እንዳይጣመም። ቱቦው ከሁለቱም ወገን የተዘጋ ከሆነ የአየር መውጫ ቀዳዳ ካልተበሳለት መጋል የለበትም፤ የታፈነው አየር ናሱን ይተፋዋል፣ ሲብስም ይፈነዳል።

በያጁ ሙቀቱን የሚያነበው በቀለም ነው። ብረት ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፤ ቦራክሱም ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል እንደ ብርጭቆ ቀልጦ ይፈሳል። ናሱ የሚቀልጠው 900 ገደማ ላይ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ነው። ብረቱ ራሱ የሚቀልጠው 1,500 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ፈጽሞ ሳይቀልጥ ናሱ ብቻ ፈስሶ ያያይዘዋል። ናስ ሁልጊዜ ሙቀቱን ይከተላል። በአንድ በኩል ዱላውን አስነክቶ በሌላው በኩል ማሞቅ ወደሚፈለግበት ይስበዋል፤ በሌላው ጠርዝ ቢጫ መስመር ሆኖ ብቅ ሲል ውስጡ እንደሞላ ይታወቃል። ይህን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። 55 በመቶ ያህል ብር ያለበት ቅልቅል በ650 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ለስሱ የውድድር ቱቦ ይሻላል፤ ውድ ነው፣ ክፍተቱም ይበልጥ ጠባብ መሆን አለበት። ካድሚየም ያለበት ዓይነት ግን ጭሱ መርዝ ነው፤ አየር በሌለበት ቤት አይነካም።

ካለቀ በኋላ ውሃ አይደፋበትም። ቶሎ የቀዘቀዘ ብረት፣ በተለይም ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም ያለበት ዓይነት፣ ተሰባሪ ይሆናል። ከንፋስ ተከልሎ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቦራክሱ በሙቅ ውሃ ይነሳል፣ ላምባና ጠመኔው ይደገማል፣ ሲባጎውም እንደገና ይወጠራል።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ጠላት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ብስክሌት ግን በዚያ ልክ አልተሠራም። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፤ በውሃ እየራሰ ይፋቅ፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ጨርሶ አይሠራ። ከተፋቀ በኋላ ዝገት መከላከያው፣ ከዚያ ቀለሙ ይቀጥላል።

እንቢ ማለት ያለብን ጊዜም አለ። ስንጥቁ መሪውን በያዘው አጭር ቱቦ ወይም በሹካው ላይ ከሆነ በሰፈር ደረጃ አይጠገን፤ እዚያ የሚሰበር ነገር ነጂውን በፊቱ ይጥለዋል። ማዕከሉ በዝገት የተበላ ፍሬምም አይሆንም። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ በዚህ ዘዴ አይሞከር። አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት ቀለሙ አይቀላም፤ በ650 ዲግሪ አካባቢ በድንገት ይፈርሳል። ቢበየድ እንኳ ፋብሪካው በሙቀት የሰጠውን ጥንካሬ ያጣል፤ ያ ጥንካሬ የሚመለሰው በልዩ ምድጃ ነው። ማግኔት የማይዘውን ፍሬም ለበያጅ አትስጡ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እሳት፣ ቶርኖ፣ ወይራና እጅ ሁሉ አለ። የቀረው ማስተማር ነው። በንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክም ሆነ በሌሎቹ ብየዳ ለምታስተምሩ መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ተማሪዎቻችሁ ከወፍራሙ የበር ብረት ጎን ለጎን 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቱቦ ላይ በናስ ማያያዝን ይለማመዱ። መለማመጃው ከቁራሌው በርካሽ ይገኛል። ብስክሌት ያላችሁ አንባቢዎችም ፍሬማችሁን ለጥገና ስትወስዱ በያጁን ኤሌክትሮድ ነው ወይስ ናስ ብላችሁ ጠይቁት፤ ኤሌክትሮድ ካለ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ጋራዥ ሂዱ።